ከባጃጅ ኋላ

አባቴ ገመዱን ወገቤ ላይ ሲያስር ሁለት ጊዜ ነበር የሚቋጥረው። አንዱ ቋጠሮ ለጉልበት፣ አንዱ ለልብ ነው ይል ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለራሱም የገባው አይመስለኝም፤ ግን ሰው ዙሪያውን ቆሞ ስለሚያየው የሆነ ነገር ማለት ነበረበት። የገመዱ ሌላ ጫፍ ባጃጁ ኋላ ካለው ብረት ጋር ታስሯል። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ፀሐይ ገና አልወጣችም፣ አስፋልቱ ግን ከትናንቱ ሙቀት አልበረደም። ከመልካ ጀብዱ ወተት ይዘው ወደ ገበያ የሚገቡት ሴቶች ጀሪካናቸውን መሬት አስቀምጠው ይጠብቃሉ።

"አሌ!" ይላል አባቴ። ባጃጁ ይነሳል፣ እኔም እነሳለሁ። ሌላ ምን ምርጫ አለኝ?

"አሌ" ሂድ ማለት ነው፤ ከባቡር ዘመኑ የተረፈው የፈረንሳይኛ ቃል። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ፈረንሳይኛ የሚሞክር፣ ሱሪው የተተኮሰ፣ በድሬ ከዚራ ሰፈር ሲያልፍ ሰው ቆሞ ሰላም የሚለው። የድሮው ባቡር ሲቆም ባጃጅ ገዛ። ሌሎቹ ሹፌሮች ተንጋደው ሲነዱ እሱ ወገቡን ቀጥ አድርጎ ነበር የሚነዳው፤ ከባቡር ወደ ሦስት ጎማ መውረዱን ማንም ለወገቡ አልነገረውም። እናቴ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ያላቸው ልጅ እኔ ብቻ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። አንድ ቀን አባቴ ስልኩን ቤት ረስቶ ወጣና እናቴ "ሩጪ፣ ድረሺበት!" አለችኝ። ሮጥኩ። ባጃጁ ዋናው መንገድ ሳይገባ ደረስኩበትና በጎኑ እየሮጥኩ ስልኩን ጭኑ ላይ ጣልኩለት። ፍሬን ይዞ ቆመ። መጀመሪያ እኔን አየ፣ ቀጥሎ የባጃጁን የፍጥነት ቆጣሪ አየ፣ መልሶ ደግሞ እኔን አየ። ከዚያ በፊት እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። እኔም ሞኟ ደስ አለኝ፤ እግሬን ብቻ እያየ እንደሆነ ያኔ የት አውቄ!

በማግስቱ ገመድ ይዞ መጣ። ሐሳቡ ይሄ ነው፦ እግር ያስለመዱትን ይለምዳል፤ ባጃጅ የጎተተው እግር የባጃጁን ፍጥነት ይለምድና ገመዱ ሲፈታለት በዚያው ይቀጥላል። ለሰሚ ደስ ይላል አይደል? እኔም አምኜው ነበር። በርጫ ላይ የሚሰበሰቡት ሹፌሮች ሁሉ አምነውታል፤ በምርቃና ሰዓት ደግሞ የማይታመን ነገር የለም። "ይሄ ሰውዬ ፈረንጅ አገር ቢወለድ የት በደረሰ!" ይሉታል። እሱም ዝቅ ብሎ ጫቱን ይቀነጥሳል፣ ያልሰማ መስሎ።

ጓደኞቹ ለማየት አብረውን ይወጡ ነበር። የባጃጁን የኋላ ሸራ ጠቅልለው፣ ወንበሩ ላይ ተንበርክከው፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ነው የሚሳፈሩት። እኔ ትንፋሼ ተቆርጦ ስሮጥ ፊቴ ላይ ያለው ነገር ጉንጩ በጫት ያበጠ ሰው ነው። "ዋሪያ ጨምር፣ ጨምር! ገና ላብም አልወጣት!" ይሉታል አባቴን። ቅመው የተረፋቸውን ገረባ ይወረውሩብኛል። "በልተሽ ሩጪ ፍየል!" ድሬ ላይ ገረባ የሚለቅመው ፍየል ነውና ከዚያ ወዲያ ስሜ "የባጃጅ ፍየል" ሆነ። ትምህርት ቤት ሳይቀር ከበስተኋላዬ "ሜኤኤ" የሚለኝ አይጠፋም ነበር።

"መቶ ሜትር ደግሞ ሩጫ ነው? ድንጋጤ ነው እንጂ!" ይላል አንዱ። "ኢትዮጵያዊ ሆና አሥር ሺህ ብትሮጥ ምናለበት? እኛም አረፍ ብለን እያየናት እንቅማለን።" ይሳቁ፤ እኔ አጭሩን ነበር የምወደው። ትንፋሽሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ ሳትለቂው ትወጫለሽ። ማንም ሊያናግርሽ፣ ማንም ሊሰድብሽ የማይደርስበት ቦታ ነው። ገመድ ሳይኖር ለብቻዬ ስሮጥ፣ እውነቴን ነው የምለው፣ ከዚያ የበለጠ ደስ የሚለኝ ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

ብዙ ጊዜ ወድቄያለሁ። አንዱ አወዳደቅ ግን የባሰ ነበር። ባጃጁ የጎን መስታወት ስላልነበረው ስወድቅ ለአባቴ መናገር የጓደኞቹ ሥራ ነው፤ ያን ቀን ግን በሆነ ቀልድ እየሳቁ ስለነበር ዘገዩ። አስፋልቱ ላይ በጉልበቴና በክርኔ ተጎተትኩ። አንዷ ወተት ሻጭ በኦሮምኛ እየጮኸች መንገዱ መሀል ገብታ ባትቆምበት ኖሮ አባቴ አይቆምም ነበር። ወረደና መጀመሪያ ያነሳው ገመዱን ነው። ጫፍና ጫፉን ይዞ ሳብ ሳብ አደረገው።

"አልተበጠሰም" አለ ለተሰበሰበው ሰው።

እናቴ ከፈረቃ ስትመለስ ያየችውን አየች። ጠጠሩን ከጉልበቴ በመርፌ እየለቀመች አወጣች። "አቦ ይቺ ልጅ ሰው ናት ወላሂ! ተሳቢ አይደለችም!" ብላ ጮኸችበት። እሱ "ስታሸንፍ ታመሰግኚኛለሽ" አላት። ተነስታ ገመዱን ከሰል ምድጃው ላይ ጣለችው፤ ቤቱ ሁሉ በተቃጠለ ናይሎን ታፈነ። አባቴ ግን ቁስሌ ቅርፊት እስኪይዝ ጠበቀና አንድ ጠዋት የተቀደደ የጎማ ከመነዳሪ ይዞ ብቅ አለ። ከመነዳሪ ደግሞ ይለጠጣል። መጀመሪያ የተወሽ ይመስላል፣ ከዚያ ሳትዘጋጂ ባንዴ ይመነጭቅሻል። ገመዱ በስንት ጣዕሙ! እናቴ ከዚያ በኋላ ምንም ነገር አላቃጠለችም፤ ብታቃጥል ምን እንደሚያመጣ ፈርታ ይመስለኛል።

በከተማው ውድድር ስታዲየሙ ግጥም ብሎ ነበር። መቶውንም ሁለት መቶውንም አሸነፍኩ። ሁለት መቶው ሊያልቅ ሲል እግሬ የሆነ ነገር ያዝ እንዳደረገው ተሰምቶኝ ነበር፤ ግን ከኋላዬ ያሉት ሩቅ ስለነበሩ ማንም ልብ አላለውም። ሹፌሮቹ አጥር ዘለው ገቡና አነሱት። አባቴን ነው የምላችሁ፤ እኔን ማን ያነሳኛል! ትከሻቸው ላይ አድርገው ሜዳውን አዞሩት፣ ከዚያ ባጃጆቹ በሙሉ ጥሩምባቸውን እያስጮሁ ወደ ከዚራ ወሰዱት። እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ በእግሬ ተከተልኩ። አንዱ ሹፌር ዞር ሲል አየኝና "ናያ፣ አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ግቢ እንጂ!" ብሎ ከኋላ አሳፈረኝ።

ያን ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ የአንድ ክለብ ሰው ሜዳው ዳር ነበር። እኔን ሳይሆን አባቴን አናገረው። ነገሩ አጭር ነው፦ ክለቡ ይወስደኛል፣ ያሠለጥነኛል፣ በሚቀጥለው አገር አቀፍ ሻምፒዮና በመቶ ሜትር ፍጻሜ ከገባሁ እቀራለሁ፤ ካልገባሁ እመለሳለሁ። አባቴ "ፍጻሜማ ምኗ ነው!" አለ። እኔ የሰማሁት ሌላ ነበር። መቅረት ማለት ሯጭ መሆን፣ መመለስ ማለት ወደ ከመነዳሪው መመለስ ነው። አውቶቡስ ስሳፈር እናቴ አለቀሰች፤ እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ እየሳቅኩ ወጣሁ።

አዲስ አበባ መጀመሪያ የገጠመኝ ብርዱ ነው፤ ቀጥሎ አፌ። ድሬ ላይ ሁሉም ሰው አንተ ነው፤ ሽማግሌውም፣ ሐኪሙም፣ አባቴም። የክለቡን አሠልጣኝ ልጆቹ ሁሉ በተሰለፉበት "አንተ፣ ጫማ የምትሰጠን መቼ ነው?" አልኩት።  አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ ወደ ተመልካቹ ደረጃ ጠቆመኝ። "እዛ ሂጂና 'እርስዎ' ማለትን ተለማመጂ" አለኝ። ደረጃውን እየወጣሁ እየወረድኩ፣ በረገጥኩ ቁጥር "እርስዎ" እያልኩ፣ እስካስመልስ ድረስ ሮጥኩ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ በኋላ የግቢውን ድመት ሳይቀር እርስዎ ነበር የምለው። እዚህ ግን እሱ ነው የምለው፤ ጽሑፉ የእኔ ነው።

አሠልጣኙ ክፉ ነበር። ሥራውን ግን ያውቃል። አንድ ከሰዓት ስሮጥ በስልኩ ቀረጸኝና ጠርቶ አዘግይቶ አሳየኝ። ራሴን ስሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። እግሬ ከሰውነቴ ቀድሞ ሩቅ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ተረከዜ መሬቱን ጭብጥ አድርጎ ይይዛል፤ ደረቴ ወደ ኋላ ይቀራል። የማየው የሚሮጥ ሰው አልነበረም። ሊወድቅ ሲል ራሱን የሚይዝ ሰው ነበር፤ በእያንዳንዱ እርምጃ።

"ማነው ፍሬን የገጠመልሽ?" አለኝ።

አልገባኝም አልኩት። "ተጎትተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ። ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀና ሌሎቹን ጠርቶ እንደገና እንድነግራቸው አደረገ። እነሱም ሳቁ። ሲበተኑ እሱ መሳቁን ተወ። "ከአቅሙ በላይ የሚጎተት ሰው እግሩ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ እንዳይወድቅ መቆም" አለኝ። "አባትሽ ፍጥነት ያስተማረሽ መስሎት መቆም ነው ያስተማረሽ። ትፈጥኛለሽ፣ ትቆሚያለሽ፤ ትፈጥኛለሽ፣ ትቆሚያለሽ። እዚህ ያሉት ሴቶች ደግሞ አይቆሙም።"

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሁሉ ጠዋት፣ ያ ሁሉ አስፋልት፣ ያ ሁሉ ገረባ ለዚህ ነበር? አሠልጣኙ ስልኩን አውጥቶ ለአባቴ እደውላለሁ ሲል ግን እጁን ያዝኩት። "በናትዎ አይንገሩት" አልኩት። አባቴ ባቡሩን አጥቷል፤ የቀረው ነገር ቢኖር ሰው መሀል ቆሞ እኔ ነኝ የሠራኋት ማለት ነው። እሱን ደግሞ ማን ይቀማዋል? ያውቅ ቢሆን ኖሮ አያደርገውም ነበር ብዬ አሰብኩ። ካወቀ ይሞትብኛል ብዬ አሰብኩ። አሠልጣኙ ትከሻውን ሰበቀና "የራስሽ ጉዳይ" አለኝ።

በማግስቱ የለስላሳ ቆርኪ አምጥቶ ጥርሱን ወደ ላይ አድርጎ ጫማዬ ውስጥ ተረከዙ ላይ አስቀመጠው። በሁለቱም እግር። "አሁን ተረከዝሽን ስትጥዪ ማን እንደሚጮህ እናያለን" አለኝ። የጮህኩት እኔ ነኝ። ካልሲዬ ከተረከዙ ጋር በደም ተጣብቆ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነበር የማወልቀው። ልጆቹ "ኮካ" ይሉኝ ጀመር። አሠልጣኙ አንድም ቀን አይዞሽ አላለኝም። እኔም አንድም ቀን ቆርኪውን ሳልነግረው አላወጣሁም፤ ምክንያቱም እየሠራ ነበር። በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እግሬ ወደ ሰውነቴ ተመለሰ።

አንድ ጠዋት ሮጬ ስጨርስ ቆርኪው ጫማዬ ውስጥ መኖሩን ረስቼው ነበር። ካልሲዬን አየሁ፤ ንጹሕ ነው። አሠልጣኙ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ "እሱ ነው" አለና ሄደ። ከአፉ የወጣ ብቸኛው ጥሩ ቃል ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እቀራለሁ ብዬ ያመንኩት ያን ቀን ነው።

አባቴ በየሳምንቱ ይደውላል። ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ። "እዛ መኪና የለም እንዴ? ጎትቱኝ በያቸዋ!" እሺ እላለሁ። ከበስተጀርባው የጓደኞቹ ድምፅ ይሰማኛል፤ ስልኩን ጮክ አድርጎ ለእነሱም ያሰማቸዋል።

ሻምፒዮናው ሊደርስ ሲል ለበዓል ወደ ቤት ሄድኩ። እናቴ ናፍቃኝ ነበር፤ ጥፋት ካለብኝ ይሄ ነው። አሠልጣኙ ሲሸኘኝ "ገመድ ካየሽ እግሬ አውጪኝ በይ" ብሎኝ ነበር። በመጣሁ ማግስት ጠዋት አባቴ ተነሽ እስቲ መንገዱን ብቻ እንየው አለኝ። መንገዱ ጋ ስንደርስ ከተማው ሁሉ እዚያ ነበር ማለት ይቻላል። አባቴ ለሰው ሁሉ ሲነግር ነው የከረመው። ሹፌሩ፣ ወተት ሻጩ፣ የሰፈር ልጅ፣ የማላውቀው ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ተሰልፏል። ባጃጁ ታጥቧል። ከመነዳሪው ከኋላ ታስሮ ተንጠልጥሏል።

ጠጋ ብዬ በጆሮው "አባዬ፣ አሠልጣኙ ከልክሎኛል" አልኩት።

"ማነው የከለከለሽ?" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። "እኔ እያለሁ ማነው አሠልጣኝ?" ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። እያወራ ነበር ወገቤ ላይ የሚያስረው። "አባዬ በናትህ፣ እግሬ ይበላሻል" አልኩት። "አዲስ አበባ አሰነፈቻት!" አለ ወደ ሰዉ ዞሮ፤ ደግመው ሳቁ። እጄን ወደ ቋጠሮው ሳስጠጋ እሱ መሪው ላይ ወጥቶ ነበር። "አሌ!" ከመነዳሪው ተወጠረ። እንግዲህ ወይ መሮጥ ነው፣ ወይ በፊት መደፋት። ሮጥኩ። ያን ቀን ለሰው ሊያሳይ ብሎ ከወትሮው አብልጦ ነዳ። ተረከዜ ወራት የተማረውን ሁሉ እዚያ አስፋልት ላይ አራገፈው። ጭኔ ከኋላ በኩል ጠቅ ሲል ተሰማኝ፤ ጮህኩ፤ በጭብጨባው ማን ይሰማል?

አዲስ አበባ ስመለስ አሠልጣኙ ገና መሮጥ ጀምሬ ሳልጨርስ አወቀ። አልጮኸም፣ አልጠየቀም። "ቆርኪውን አውጪው፤ ከእንግዲህ ትርፉ ቁስል ነው" አለኝ። ደረጃ ላይ ሲያስመልሰኝ እንኳን እንደዚያ አልፈራሁትም።

ሻምፒዮናው ላይ ከማጣሪያው አለፍኩ። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ከመስመሩ ስነሳ ቀድሜ ነው የወጣሁት፣ እስከ ግማሹም ማንም አልነበረም አጠገቤ። ከዚያ በግራም በቀኝም ትንፋሽ ሰማሁ። እነሱ አልጨመሩም፤ እኔ ነኝ እየያዝኩ ያለሁት። ተረከዜ መሬቱን ሲጨብጥ፣ ሲጨብጥ ይሰማኛል። ማንም አይጎትተኝም፣ ከፊቴ ባጃጅ የለም፣ እግሬ ግን እንዳልወድቅ እየተጠነቀቀልኝ ነበር። ፍጻሜ የገቡት እነሱ ናቸው። እስከ ግማሹ የቀደምኳቸው አለፉኝ።

በዚያው ቀን ቱታውን መልሺ ተባልኩ። የክለቡ በር ላይ አንዲት ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ ነበር፤ አዲሷ ናት። አሠልጣኙ በዓይኑ ለካንና "ልኳ ነው" አለ። አውልቄ ሰጠኋት። ላቤ እንኳን አልደረቀም ነበር።

ቤት ስደርስ ለአባቴ እግሬን አሞኝ ነው አልኩት። ሌላ ምንም አልነገርኩትም። እናቴን ብቻ አንድ ቀን ልብስ ስናጥብ ነገርኳት፤ እሷም "አደራ እንዳይሰማ" አለችኝ። ሁለታችንም ደበቅንለት። እሱ ግን በርጫ ላይ ተቀምጦ የራሱን አወራ፦ "እኔ ሠርቼ ላክኋት፣ እነሱ በምቾት አበላሹብኝ፣ እሷም ሰነፈች።" ከተማው ያንን ያዘ። ሱቅ ስገባ "ያቺ ሰነፏ" ሲሉ እሰማለሁ። በበዓሉ ሰሞን ሲጎትተኝ መንገድ ዳር ቆመው ያጨበጨቡት ሰዎች ናቸው እኮ! የገዛሁትን ይዤ እወጣለሁ። አባቴ አያውቅማ፤ የማያውቅን ሰው ምን ትይዋለሽ?

ዓመታት አለፉ። አባቴን ስኳር ያዘውና ዓይኑን ጋረደበት። አሁን ባጃጁን የምነዳው እኔ ነኝ። ቤት ተቀመጥ ብንለው አሻፈረኝ አለ፤ ጠዋት ጠዋት እጁን ይዤ ከኋላ ወንበር አስቀምጠዋለሁ፣ ከጎኑ ተሳፋሪ ይገባል፣ እሱም ይጀምራል። የት እንደሚስቅ፣ የት ድምፁን እንደሚያወርድ በቃሌ አውቀዋለሁ። "ሰነፈች" የሚለው ጋ ሲደርስ ጥሩምባ እነፋለሁ፤ መንገዱ ባዶም ቢሆን።

ባለፈው የተሳፈረው አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ወጣት ነበር፤ አዲስ የተመደበ የስፖርት መምህር ነኝ አለ። አባቴ እንዴት ደስ እንዳለው! ከመጀመሪያው አንስቶ ተረከለት። ገመዱ ጋ ሲደርስ ወጣቱ "ግን አባባ፣ በሞተር መጎተት እግር አያበላሽም እንዴ?" አለው።

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። "አንተም እንደዛኛው ነህ!" አለው። "የትምህርት ቤቷ የስፖርት አስተማሪ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። 'ይሄ ነገር መያዝ ያስለምዳታል፣ በኋላ አይለቃትም፣ ተው' ብሎ ግቢዬ ውስጥ በእግሩ እየተራመደ ሳይቀር አሳየኝ። ከቤቴ አባረርኩት!"

ባጃጁን መንገድ ዳር ካሉት ዛፎች ሥር ጥግ አስያዝኩት። እጄ መሪው ላይ ቀረ።

"መቼ ነው የመጣው?" አልኩት።

"ማን?"

"አስተማሪው።"

"የወደቅሽ ሰሞን ነዋ፣ ገመዱን እናትሽ ያቃጠለችው ጊዜ" አለ፤ ቀለል አድርጎ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ።

ከመነዳሪው ከመምጣቱ በፊት። ከከተማው ውድድር በፊት፣ ከቆርኪው በፊት፣ ከሁሉም በፊት። "አምነኸው ነበር?" አልኩት።  ዞሬ አየሁት፤ ዓይኖቹ የሆነ ቦታ፣ ከእኔ አለፍ ብለው ያያሉ።

"ሰውዬው ያወቀ ሰው ነበር" አለ በመጨረሻ። "ገብቶኝ ነበር ትንሽ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ጠዋት ሰው መንገድ ዳር ቆሞ እየጠበቀኝ እኮ ነው! ቀረ ልበላቸው?"

ጠላሁት። አባቴን ጠላሁት፣ ሌላ ቃል አልፈልግለትም። ያዘንኩለት ዓመት ሁሉ፣ የዋጥኩት ስድብ ሁሉ ደሜን አፈላው። ፊሽካ ያንጠለጠለው ልጅ "እኔ እዚህ ጋ ይበቃኛል" ብሎ ወረደ። አባቴ የእግሩን ድምፅ አዳመጠ። "ወረደ እንዴ? የከተማውን ውድድር ሳልነግረው?" አለ።

ሞተሩን አስነሳሁ። ትንሽ እንደሄድን የፋብሪካ ሴቶች እጃቸውን አነሱ፤ አቆምኩላቸው። ተጠጋግተው ከጎኑ ገቡ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ይቺን የምትነዳዋን ልጅ ታዩዋታላችሁ?" አላቸው።

"እህቶቼ፣ አትስሙት" አልኩ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ጮክ ብዬ። "እግሬን ያበላሸው እሱ ነው። እንደሚያበላሸኝ ነግረውታል፣ ገብቶታል፣ ሰው እያየኝ ነው ብሎ ጎተተኝ።" ከዚያ የአዲስ አበባውን አሠልጣኝ ቃል፣ ፍሬኑን፣ በዓሉን፣ ሁሉንም እስኪወርዱ ድረስ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አንዷ "ወይኔ ልጄን!" አለች። አንዷ ከአባቴ ራቅ ብላ ወደ ጠርዙ ተጠጋች። እሱ እንዳየ ሰው ፊቱን አዞረ። 

በማግስቱ ጠዋት ባጃጁን ሳስነሳ አልወጣም። እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

"አባትሽ አልሄድም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ምን አደረግሽው?" አለችኝ።

"እውነቱን ተናገርኩ።"

"ለሱ?"

"ሰው ፊት" አልኳት።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ ማርሽ አስገብቼ ወጣሁ።